መካከለኛ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
ጌም ቤት ከከፈትኩኝ ስምንት ዓመት ገባ።
ሁለት ማሽን ደኅና ነው፤ ሦስተኛው ግን ያስላል፤
ካርዱ እንደ ምድጃ ከረፈደ ይግላል፤
ማራገቢያው ላልቶ፣ በሲባጎ ታስሮ፣
እንደ ወፍጮ ያጓራል ከጠዋት ጀምሮ።

ሰኞ ማታ ልየው ከባሕር ዳር ደውሎ፣
«አዲሱ ካርድ ገባ፤ አንሙት፣ ና ቶሎ ቶሎ፤
ትንሹ ለልጅ ሲሆን፣ ትልቁ ለጌታ፣
መካከለኛው ነው ያንተ ቢጤ ቦታ።»
«ስንት?» አልኩት። «ሰባ ሺህ፤ ላንተ ነው ቀንሼ።»
ዝም አልኩኝ፣ የሞቀ ስልኬን ተንተርሼ።

መሀል ማለት የት ነው? የማንስ ነው መሀል?
ያሮጌው ካርድ ዋጋ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤
በአሥራ አንድ ሺህ ብር ገዝቼው ነበረ፤
ስሙ እንዳለ ቆሞ፣ ቦታው ተሻገረ።
ሰባ ሺህ ማለት እኮ
ሁለት ኩንታል በርበሬ፣ ዛላው ተለቃቅሞ፣
የእህቴ የጥሩዓለም ወገቧ ታምሞ።

ጨዋታው በሰዓት ሃያ ብር ይሸጣል፤
ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ያስቀምጣል፤
መብራት ከሚነሣው በተረፈው ሰዓት፣
ሁለት ዓመት ሊሆን ነው ዕዳውን መክፈያት፤
ያውም ወንበሩ ላይ ሰው ጠፍቶ ካልዋለ።
ያኔ ልየው ደግሞ «አዲስ ገብቷል» አለ።

«ፍጥነቱ እጥፍ ነው» ሲል ባንቴ እየማለ፣
ምንይችል ሳቀበት፣ ቅኔ ቤት የዋለ፣
ዲማ ድረስ ዘልቆ፣ ሳይመረቅ የወጣ።
«እጥፉን» አለና «ከወዴት አመጣ?
አንድ ምስል ይሠራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፤
በመሀል ይሰካል ያልነበረ ሦስተኛ።
በሁለት ምስክር መሀል የቆመ ውሸት
ከግራ ከቀኙ ይበደራል እውነት።
ሜሞሪውም ስምንት፤ ካሮጌው አልራቀ፤
ሳሎኑ ሰፍቶ ሳለ ጎታው ተጨነቀ።»
ባንቴ ግን ተቆጣ፦ «ዓይንህ ካላወቀው፣
ውሸቱ ምን አጠፋ? ማንንስ ሰረቀው?»
ለዚህ መልስ የለኝም። ምንይችልም የለው።

ሐሙስ ግን ሄድኩ። ማን አየሁት ይላል?
ብሩ ስልኬ ውስጥ ነው፣ ልቤ ግን ይዘላል፤
እንጅባራ ላይ ጉም፣ ዳንግላ ላይ ፀሐይ፣
መርዓዊን ሳልፍማ ገዝቼው የለ ወይ!
ልየው ካርቶን ከፍቶ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ፣
እጄ ላይ አኖረው ላስቲኩን ገፍፎ።
ያምራል፤ አልዋሽም። ካርዱ እጄ ላይ ቀሎ፣
ሁለት ኩንታል ከበደኝ ትከሻዬ ላይ ውሎ።
አንድ ማራገቢያ፣ ለቺፑ አንድ ቅባት፣
ገዝቼ ተመለስኩ ሐሙስ ሳይመሽበት።

ባንቴ ቦርሳዬን አየ፤ ሣጥን አልነበረም፤
ከዚያን ቀን ወዲህ በደጄም አላለፈም።
ካስፋልቱ ማዶ ነው አሉኝ፣ ካዲሱ ጌም ቤት፣
ሠላሳ ብር ይከፍላል ለአንዲቱ ሰዓት።
ይኼም ዋጋ ነበር። ስደምር ስቀንስ፣
አንድ ልጅ አልጻፍኩም እስከ ግርጌው ድረስ።

ሦስተኛው ማሽኔ አሁን ሳል ትቶታል፤
ሲባጎውን ፈትቼ ቅባት ጠጥቶታል።
ሣሩን አሳስቼ፣ ጥላውን አጥፍቼ፣
ስልሳ አደረስኩት ከአርባ አንሥቼ።
ጀግናው በጠራራ ይሮጣል በሜዳ፣
ጥላ አይከተለው፣ ላገሩ እንግዳ።

ትናንት ማታ ቆልፌ አስፋልቱን ስሻገር፣
ከማዶው ጌም ቤት በር ብርሃን ወጥቶ ነበር፤
ጥላዬን ዘረጋው እስከ ጎሚስታው ደጅ፣
ጠርዙ ጥርት ያለ።
                         ቆምኩ። ባንቴ የሚሉት ልጅ
ጀርባው ይታይ እንደሁ አንገቴን ሳሰግግ፣
መብራት ሄደ፣
                         ድርግም።
ጥላዬም፣ ጌም ቤቱም፣ ካርዳቸውም ጠፋ።
ከጨለማው መሀል የባንቴን ድምፅ ሰማሁ፤
ሲረግም፣ ሲራገም፤ ሳላስበው ሳቅሁ።