ትርፍ የለም

ምደባው የወጣ ዕለት፣ ስሜ ከ«ትምህርት» ሥር ተጽፎ፣
አጎቴ ሻይ ቤት ሆኖ ብርጭቆውን ገፋ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ፣ ተጸይፎ፦
«መምህርነት? አይ ልጄ፤ ትርፍ የለውም እኮ!
ሰው ስንት ዓመት ይኖራል ለደሞዝ ቀን ተንበርክኮ?»
አባቴ ዝም አለ። ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገና መግባቱ ነው፤
የጥጡ ብናኝ ከቅንድቡ አልረገፈም፣ ጣቱ ክር የሚቀጥል ነው የሚመስለው።
«ትርፍማ እኛም ጋ የለም» አለ ቆይቶ፤ «አንተ ሂድ ብቻ፤
ሐረጎን ወጣህ እንጂ መች ራቅክ ከኮምቦልቻ።»

ጉም ከጦሳ ሲወርድ የክፍሉ መስኮት ይጠፋል፤
መምህሩ «ሥርዓተ ትምህርት» ሲል ከኋላ አንዱ ያንኮራፋል።
የልጅ አእምሮ እድገት፣ ምዘና፣ ዕቅድና አስተዳደር፣
እኛ በካፌው ሽሮ ቅጥነት፣ በፎቶ ኮፒ ዋጋ ስንከራከር።
ዘምዘም ብቻ ነበረች ማስታወሻዋን በሦስት ቀለም የምትጽፍ፤
ሙህዬማ ዲፓርትመንት ልቀይር ሲል ሬጅስትራር ደጅ ነው የሚያሳልፍ።
ፋንቱ ትምላለች፦ «ከተመረቅሁ ጠመኔ አልነካም!»

ሦስተኛ ዓመት ለተግባር ልምምድ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ላኩኝ፤
ሰባ አራት ልጅ ባንድ ድምፅ «ደህና አደሩ» ብለው አስደነገጡኝ።
ባንድ ዴስክ አራት፤ ዳር ያለው ባንድ ቂጡ የተቀመጠ፤
ሱፐርቫይዘሬ ከኋላ ቅጹን ዘርግቶ አፈጠጠ።
ቦርዱ ላይ ጻፍኩ፦ አንድ ሚኒባስ የሚጭነው ሰው አሥራ ሁለት፤
አሥራ ስምንት ቢሳፈር፣ ትርፉ ስንት?

ዝም።
ከዚያ አንድ እጅ፤ ጥፍሩ በግሪስ የጠቆረ፤
ይመር፤ ከሰዓት ረዳት ነው፣ ድምፁ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ሲል የተሰበረ።
«ትርፍ የለም መምህር» አለ።
«ይጠጋጋሉ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሱፐርቫይዘሩ የጻፈውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤
«ስድስት» ልል ጠመኔዬን አነሳሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣኝም።
ዳር ያለውን ልጅ አየሁት፤ ጎረቤቱ ክንዱን ሰብስቦለት፣
ከፊት ያለችው ደግሞ ላጲሷን በጥርሷ ቆርሳለት።

ተመረቅን። ጋዋኑ የኪራይ ነው፣ በማግስቱ መለስን፤
ከዚያ እንደ ሰኞ ገበያ ምሽት በየአቅጣጫው ፈሰስን።
ዘምዘም በሬዲዮ ጣቢያ የልጆች ትምህርት ታዘጋጃለች፤
በሦስት ቀለም ጽፋ፣ ባንድ ድምፅ ታነባለች።
ሙህዬ፣ ያ ሸሺው፣ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብቷል፤
የጎደለ መጽሐፍና የጎደለ ጣሪያ ሲደምር ይውላል፤
አንዳንዴ ይደውልልኛል፤ «ቁጥሩ አልመጣ አለኝ» ይላል።
ፋንቱ ጠመኔ አልነካችም፤ ቃሏን ጠብቃለች፤
ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ታሠለጥናለች፤
«ያው ክፍል ነው፣ ደወሉ ብቻ ይጮኻል» ትላለች።
አንዱ ባጃጅ ገዛ። አንዷ ዓረብ አገር ናት፤ ዲግሪዋ እናቷ ግድግዳ ላይ ነው።
መንገድ ሁሉ መንገድ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ገደል ነው።

እኔ? ጢጣ አስተምራለሁ። ማታ ማታ ማስተርስ ጀምሬያለሁ፤
ደሞዝ በሃያ አራት ይገባል፣ በሃያ ስምንት ብድር እጠይቃለሁ።

ያለፈው አርብ፣ አባቴን ልጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ፣
መናኸሪያ ቆሜያለሁ፣ ከአዝዋ ገደል ጉም ሲሰደድ።
የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቷል፤ ተስፋ ቆርጬ ዞርኩ፤
ከበሩ አንድ ጎርናና ድምፅ «መምህር!» ሲል ሰምቼ ቆምኩ።
ይመር። ጢም አብቅሏል። ሾፌሩ «ትራፊክ አለ፣ ተው» ይለዋል፤
እሱ ግን ሰዉን በትከሻው ያስጠጋል።
አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ወደ ጭኗ አነሳች፣
አንድ ወታደር ጉልበቱን አጠፈ።
«ግባ እንጂ» አለኝ፤ «ትርፍ የለም።»

ባንድ ቂጤ ተቀምጬ ሐረጎን ወረድኩ።
ሒሳብ ስሰጠው እጄን መለሰ፤ ተንጠልጥሎ በበሩ ዳር፤
«ስድስት መሆኑንማ» አለኝ፣ «ያኔም አውቅ ነበር።»