ግድፈት

አባቴ ቤልሚሮ፣ የፖቮዋ ዓሣ አጥማጅ፣
የሰርዲን ፍም ረግጦ ቆመ፣ አንድ ማታ ከደጅ።
ሽታው ነው የነገረን፤ እሱማ አልተሰማውም፤
«ማነው ሥጋ የሚያሳርር?» አለ፤ እግሩን ግን አላየውም።

በእኛ ሰፈር ጀልባው፣ መረቡ፣ የመቃብሩ ድንጋይ
የየቤቱ ምልክት አለው፣ በቢላ የተጫረ፤
አባት ለልጅ ያወርሳል።
ሌላም ምልክት ነበረን፣ ከሥጋ ሥር የተቀበረ፦
ከረጅም ጽሑፍ መሐል አንዲት ፊደል ተገድፋ፣
ጉበት ሌት ተቀን ሲገለብጣት
ነርቫችን ላይ ዘቅጣ፣ ረግታ፣ ተነጥፋ።
ከጣት ይጀምራል። እንደ ባሕር ሙላት
ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣
ከዚያ ልብ።
ሦስት አጎቶቼን በዚሁ ውኃ ሸኝተናል።

መልእክተኛ አይከሰስም ይላሉ። የእኔ ሥራ ግን
መልእክተኛውን መቁረጥ ነው፣ ቃሉን ሳያደርስ።
መቀሱ አጭር ክር ነው፤ ደም ውስጥ ራቁቱን ቢገባ
ሩብ መንገድ ሳይሄድ ያልቃል፤
ስለዚህ ከስብ ልብስ ልሰፋለት ተቀመጥኩ።

ፖርቶ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል።
ስቡ በአልኮል፣ ክሩ በኮምጣጣ ውኃ፣
ከፀጉር በቀጠነ ቦይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ።
ሠላሳ አንደኛው ቅምር እንደ ከረመ ወተት ተቋጠረ፤
አርባ ሰባተኛው ሳንባ ላይ ቀረ።
አለቃዬ ዶሮቴያ መነጽሯን እየጠረገች
«ጉበት ይጋበዛል እንጂ በሩ አይሰበርም፣ ዙልሚራ» አለች።

ጋበዝኩት።
የራሱ ስብ መስሎት ደጁን ከፍቶ ተቀበለ፤
በጓዳው ኮምጣጣ ልብሱ ተተረተረ፣
መቀሱም ሥራ ላይ ዋለ።
ፊደል ተገድፎ የመጣውን
ጉበት በስብ ገድፎ አስቆመው።

ተአምር አይደለም። የሞተ ነርቭ አይነሣም።
አባቴ ዛሬም የመረብ መጠገኛ መርፌውን
ተረከዙ ላይ ይሰካል፤ ምንም አይለውም።
በየሦስት ሳምንቱ ግን ክንዱን ለመርፌያችን ዘርግቶ ያንኮራፋል፤
እሑድ እሑድ ደግሞ ከጉልበቱ በታች፣
ስሜቱ ከሚያልቅበት ላይ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰምራል።
ሁለት ዓመት ሆነው፣ መስመር በመስመር ላይ።
«ሙላቱ እዚሁ ቆሟል» ይለኛል፣ እንደ ጀልባ አዛዥ።

እኔም አንዳንድ ማታ መብራት አጥፍቼ፣
ጫማዬን አውልቄ፣
ቀዝቃዛውን ወለል በእግሬ ጣት እጠይቀዋለሁ።
እስካሁን ይመልሳል።