ድልድዩ ሲነሣ

የድንች ወቅት ሲገባ፣ ቦዩ ጭጋግ ሲለብስ፣
ጀልባ በጀልባ ላይ ከፋብሪካው ሲደርስ፣
አየሩ ሁሉ ድንች፣ ውሃው ሁሉ አረፋ፣
(ታጥቦ የማይለቅ ሽታ፣ ከካፖርቴ የማይጠፋ)
እኔ ከማድረቂያው ጎን፣ ከጠባቧ ክፍል
ሽቦ እበይድ ነበር፣ ቀንና ሌት ሳልል።

ሥራዬ አንድ ጥያቄ፤ ሲሰሙት የሚያስቅ፦
በነጩ ዱቄት ውስጥ የውሃን ልክ ማወቅ።
ከበዛ ይሻግታል፣ መጋዘን ይሸታል፤
ካነሰ ይበናል፣ አየር ላይ ይቆጣል፣
በአንዲት ብልጭታ ጣሪያ ያስነሣል።

ሁለት የናስ ሳህን ፊት ለፊት አቆምኩ፤
በመሃል ስታርቹን እንደ ጅረት ለቀቅኩ፤
ውሃ በበዛ ቁጥር ሳህኑ ብዙ ይይዛል፤
መርፌው ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ይጓዛል።

ኤፖ ግን መርፌ አያምንም።
ሠላሣ አንድ ዓመት በማድረቂያው አፍ ቆሟል፤
ጭብጥ ዱቄት ያነሣል፣ ከጆሮው ያስጠጋል፣
ይጨምቀዋል። ስታርች ሲጨመቅ ይጮኻል፤
በረዶ ላይ የሚሄድ ጫማ ይመስላል።
‹‹አሥራ ስምንት›› ይላል።
ምድጃው አድርቆ፣ ሚዛኑ መዝኖ፣
መልሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ አሥራ ስምንት ሆኖ።

የእኔ መርፌ ደግሞ ጧት ይስማማል ከእርሱ፤
ኋላ ግን ይዘላል፣ ጋኔን እንዳለ በራሱ፤
አራት ደቂቃ ያህል ተራራ ይሥላል፤
ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው በሜዳው ይሄዳል።

አምፖሎቹን ቀየርኩ። ሽቦውን ፈትቼ ዳግም በየድኩ።
ሳህኑን በአልኮል አጠብኩ።
የገዛ ካፖርቴን፣ እርጥብ ነው ብዬ፣ ከበር ውጭ ሰቀልኩ።
ከዋናው ቢሮ ሰውዬው መጥቶ፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
‹‹መዳፍ ርካሽ ነው›› አለ፣ ወደ ኤፖ ዘንበል ብሎ።

አንድ ቅዳሜ ለጽዳት ማሽኑ ሁሉ ቆሞ፣ ሳህኔ ባዶ ሳለ፣
መርፌው ተነሥቶ ያንኑ ተራራ ሣለ።
ባዶ ሳህን! ዱቄት የለ፣ ውሃ የለ፣ ማን አለ?
ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ድልድዩ ክንዱን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፤
ከሥሩ ጀልባ፣ ጭኖ የከበደ፣ በዝግታ ያልፋል፤
የድልድዩ ሞተር ያጓራል፤
ሽቦዬ ይሰማል።

የወረቀቱን ጥቅል ታቅፌ ወደ ድልድይ ጠባቂዋ፣ ወደ ሬንስየ ሮጥኩ።
መዝገቧን ከእኔው መስመር ጎን ለጎን ዘረጋሁ።
‹ሁለት ወንድማማች›፣ ማክሰኞ፣ ስምንት ተኩል። ተራራ።
‹ትዕግሥት›፣ ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል። ተራራ።
‹አሮጊቷ ቮልተርየ›፣ ጥርሱ ተነክሶ
ድልድዩ አየር ላይ የቀረ ዕለት፣
ሰፊ፣ ረጅም፣ ባለ ሁለት ጫፍ ተራራ።

ሞገድ ስፈልግ ነበር፤ ሞገድ አገኘሁ፤
የሽቦው የቱ፣ የቦዩ የቱ፣
ለጊዜው መለየት አቃተኝ፤ ቆሜ ሳቅሁ።

‹‹እኔማ አውቀው ነበር›› አለኝ ኤፖ፣ ቧንቧውን እየጠረገ፤
‹‹ድልድዩ ሲነሣ ወለሉ እግሬን ይኮረኩራል።››
‹‹ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ?››
‹‹የጠየቅሽኝ ስለ ዱቄት ነው።››

ሽቦውን በመዳብ መረብ ጠቀለልኩ፣ ከመሬት አገናኘሁት።
ተራራው ጠፋ። መርፌና መዳፍ ተስማሙ።
ዘገባዬ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ፤ ጀልባዎቹ ሁሉ
‹የውጭ ረብሻ ተወግዷል› በሚል አንድ ሐረግ ሰጠሙ።

በጸደይ ኤፖን ወደ ጆንያ መስፊያ አዛወሩት።
እኔ ነኝ ያዛወርኩት፤ ፊርማው የሌላ ነው እንጂ።
ምንም አላለኝም።
ሊሄድ ሲል ጠራኝ፣ ጭብጥ ዱቄት ከመዳፌ አኖረ፣
‹‹ጭመቂ›› አለኝ።
ጨመቅኩት። ጮኸ።
‹‹አሥራ ሰባት›› አልኩ።
ሁለት ሰዓት ምድጃው ፊት፣ በርሜል ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤
ስለ ልጁ ጥርስ፣ ስለ አተር ሾርባ አወራን።
አሥራ ዘጠኝ።

ኤፖ እስኪያስለው ሳቀ።
መርፌዬ ከኋላዬ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ፤
ዞር ብዬ አላየሁትም።