ተለማማጅ

አባቴ ዛሬም «ክረምት» ይለዋል የማናማን ሐምሌ፣
ጠብታ የሌለበትን፣ መሪ በጨርቅ የሚያዝበትን፤
እኔ ግን ዐሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ሹራብ ደርቤ፣
ከባንኩ ትምህርት ሁሉ መጀመሪያ የለመድሁት ብርዱን።

ስምንት ሳምንት፣ ካርድ ካንገቴ፤
ፊርማ የለኝ፣ ማኅተም የለኝ።
ሥራዬ ስም ማመሳከር ነው፦
ሐዋላ ሲላክ ማሽኑ የጠረጠረውን፣
ፊደል የጎደለውን፣ ፊደል የተረፈውን
ለይቶ ለጃሲም ማቅረብ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ አንድ መስመር ቀላ።
ላኪ፦ ዘሃራ መሐመድ።
ተቀባይ፦ አትጠገብ ወንድይፍራው፣ ወልድያ።
ዝምድና፦ እኅት፣ ባባትም በእናትም።
«አንድ አባት በሁለት ስም?» አለ ጃሲም፣
እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፤
«ካገርህ ናት፤ አስረዳኝ።»

ምኑን ላስረዳው?
ደላላ ለፓስፖርት ሲል ባንድ ሌሊት
አባት እንደሚቀይር የትኛው ኮርስ ላይ አለ?
እኔ የተማርሁት ስለ ወለድ ነው፤
ስለ ወላጅ አይደለም።

የማውቀውን ጻፍሁ፣ ግማሽ ገጽ፣ ሦስቴ ሰርዤ።
«ይታያል» አለኝ።
ገንዘቡ ዘጠኝ ቀን ሲታይ ከረመ።

በዐሥረኛው ቀን ምድር ቤት ወረድሁ።
መስኮቱ ሥር ቆማለች፣ የአሠሪዋን ሕፃን ታቅፋ፣
ለዘበኛው ሳይቀር አንገቷን እየሰበረች።
«አንተ ነህ የባንኩ ሰው?» አለችኝ ባማርኛ።
«የለም፣ ተለማማጅ ነኝ» አልኋት።
«ጅ»ን «ጭ» አድርጋ ሰማችው መሰለኝ፦
«ኧረ እኔም» አለች።