መጠይቁ ላይ ያልሞላሁት

በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ፣ አራት ገጽ ወረቀት
ቢሮዬ ገብቶ አገኘሁ፣ ማኅተም ያለበት።
«ውድ መምህር ሆይ፣ ስምዎን አይጻፉ፤
ከአንድ እስከ አምስት ያክብቡ፣ አንዱንም አይለፉ።»
ጥናቱ የመምህርን የውስጥ አቅም ይለካል፤
ለሥራው፣ ለተማሪው፣ ስንት እንደሚበቃ ያሰላል።

ጥያቄ አንድ። «ችግር ሲገጥመኝ መውጫ መንገድ አላጣም።»

መንገድስ አላጣሁም፤ ሐረጎ አለልኝ፣
ገና በማለዳው ጉም የሚያለብሰኝ።
ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣
የፈተና ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
ጥምዙን ስንወርደው ቀይ እስክሪብቶዬ ይስታል፤
አንዱ ልጅ ያላመጣው ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል።
(የጉድጓድ ማርክ እንለዋለን። ይግባኝ ያለበት የለም።)
ጆሮዬ ድፍን ሲል ሹራቤን አወልቃለሁ፣
ኮምቦልቻ፣ ድልድዩ ጋ፣ «ወራጅ አለ» እላለሁ።

ጥያቄ ሰባት። «ሥራዬን በብቃት እንደምሠራ አምናለሁ።»

ቁልፉን በእጄ ይዤ ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜያለሁ።
ከዚያ ክፉ ዓመት ወዲህ ክፍሉ ቁልፍ እንጂ ዕቃ የለውም፤
ማሽኑ የነበረበትን ግድግዳ ቀለም አልነካውም፤
አራት የብሎን ቀዳዳ፣ አንድ የተቆረጠ ሽቦ፣
ሠላሳ ሁለት ልጅ ደግሞ ደብተር ይዞ፣ ዙሪያዬን ከብቦ።
ምን ላድርግ? ከቤቴ ማንቆርቆሪያ አመጣሁ፤
ቡታጋዙን ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ሰዓዳ ተዋስሁ።
«ይኸው ቦይለራችሁ፤ ውኃው ሲፈላ እዩ፣
ሙቀት ክዳን ሲያነሣ፣ ሥራን ከዚህ ለዩ።»
ከኋላ ሳቁብኝ። ሳቃቸው ልክ ነበረ።
ከፊት ግን የአንዷ እጅ ሳያርፍ ይጽፍ ነበረ።

ዘምዘም አራጋው ናት፤ ከወረባቦ የመጣች፣
በዚህ ኮርስ ሁለቴ ኤፍ አግኝታ የተመለሰች።
የመልቀቂያ ፎርሟ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣
ይህን የሰማሁት ግን በኋላ ነው።
ሁሉም ሲወጣ ቀርባ፣
«መምህር፣ ማንቆርቆሪያውን ነገም ያመጡታል?» አለችኝ።
የእኔም ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።
ሙሉሰው ለቅቆ ባንክ ገብቷል፤
ወንበሩ እስካሁን እሱ ወደተነሣበት ዞሯል።
«አመጣዋለሁ» አልኳት።
ይሄ ጽናት ይባል ይሆን? እኔስ ያፈርሁ መሰለኝ።

ጥያቄ አሥራ አራት። «ስወድቅ ፈጥኜ እነሣለሁ።»

እዚህ ላይ አልዋሽም። ባለፈው ሚያዝያ፣
አከራዬ ኪራይ የጨመሩብኝ ሳምንት ላይ፣
ምዕራፍ አራትን ከወረቀት አንብቤላቸው ወጣሁ፤
የተነሣ እጅ አይቼ፣ እንዳላየሁ ሆንሁ።
በፈተናው ቀን ያንን ምዕራፍ አንድ ሳይቀር ሳቱ፤
የእኔን ድካም በእጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው መለሱልኝ፣ በየገጹ፣ በየፊቱ።
ይሄ ስንት ቁጥር ነው? ሁለት? ሁለት ተኩል?
ሰንጠረዡ ተኩል የለውም።

ጥያቄ ሃያ። «ይህን ተቋም ለቅቄ ስለመሄድ አስባለሁ።»

ማታ ማታ፣ ሐረጎን ስንወጣ፣
ሹራቤን መልሼ ስለብስ፣ ብርዱ ሲመጣ፣
ጦሳ ጨለማ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ሲቆም፣ አዎ።
ጠዋት ስወርድ ግን አላስብም።
ቁልቁለቱ ይሆን እንዴ?
ማን ያውቃል።

ዘምዘም ሲ ፕላስ አመጣች።
ሜዳሊያ አይደለም፤ ሲ ፕላስ ነው።
የጉድጓድ ማርክ የለበትም፤
ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ሁለቴ ደምሬዋለሁ።

የመጨረሻው ገጽ። «ሌላ አስተያየት ካለዎት»፣
ከሥሩ አንድ መስመር፣ ነጠብጣብ የሞላበት።
ስለ ልጅቱ ልጽፍ ነበር፤ ቦታው አይበቃም።
ስለ ሙሉሰው ወንበር፤ እሱም አይበቃም።
እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣ ቆይቼ፣ ቆይቼ፣
«ቡታጋዙ የተውሶ ነው» ብዬ ጻፍሁ።