ባሕሩ የሚታይበት ጥግ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ግድግዳ እበሳለሁ፣
ከምሰሶ ጫፍ ላይ መስመር አወርዳለሁ።
በቫልፓራይሶ፣ በዚህ ሽቅብ አገር፣
መሰላል ተሸክሞ ዳገት ከመቧጠጥ፣ ከውሻ በስተቀር
ሌላ ችግር የለው።
ሽቦው ግን ጉድ ነው! የትኛው የማን ነው?
የሞተው፣ ያለው፣ ከጎረቤት የተሰረቀው
አንድ ላይ ተጠማዞ፣ የአሞራ ጎጆ መስሎ፣
ከራሳችን በላይ ይኖራል ተንጠልጥሎ።

ዊድላይን ትባላለች። አገሯ ሄይቲ፣ ከተማዋ ዤሬሚ፤
ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ።
ቤቷ የደረስኩት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤
የሁለቱን ጥፋት ቆይቼ ነው የምናዘዘው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነበር አሉ፦
ለስልኩ ባንክ አምጪ፣ ለባንኩ ስልክ አምጪ፣
ለሁለቱም ደግሞ መታወቂያ አውጪ፤
የመታወቂያው ቀጠሮ
በኢንተርኔት ብቻ ነው።
እንደ አውድማ በሬ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች፤
ከገለባ በቀር ምን ፍሬ አገኘች?
በመጨረሻ አከራይዋ፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣
በስሟ ፈረመች፣ ልትሸከም እዳ፤
ግን በአንድ ውል፦ «ቴሌቪዥኑም ይግባ፣ መቶ ሃያ ጣቢያ፣
ማታ ማታ እየወጣሁ ድራማዬን እንዳይ ከዚያ።»

«ከሁለት እስከ ስድስት ሰው ይመጣል» ተብላ፣
ከእንቅልፏ ተጣልታ፣ ቁርሷንም ሳትበላ፣
በር በሩን ስታይ ዋለች።
ማንም አልመጣም።
ስለ ሁለተኛው ቀን መዝገባችን እንዲህ ይላል፦
«ተንኳኳ፤ የከፈተ የለም፤ ሠራተኛው ተመልሷል።»
እውነት ነው፣ ተንኳኳ። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።
የታችኛውን በር።

ይህን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።
ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤
ግድግዳው ላይ እርጥበት የሳለው ካርታ፣
ባልዲ ውስጥ የሚቆጥር የጣሪያ ጠብታ።
ከበሩ አጠገብ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤
ሽቦው ያጥራል፣ ሞገዱም ይዳረሳል። «እዚህ ነው» አልኩ።
«ቆይ» አለች።
ስልኳን አወጣች፤ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረች፤
ወንበሯን አንስታ ክፍሉን ትዞር ጀመር።
ፊቷን አይደለም፤ ከጀርባዋ ያለውን ታይ ነበር።
እዚህ ስትቀመጥ ባልዲው፣ እዚያ ስትቀመጥ ካርታው፣
ወዲህ ስትል የልብስ ገመዱ፣ ወዲያ ስትል የጋዝ ሲሊንደሩ፣
አራት ጊዜ ተነሣች፣ አራት ጊዜ ተቀመጠች።
በመጨረሻ መስኮቱ ሥር፣ በሁለት የቆርቆሮ ጣሪያ መካከል፣
ባሕር አለች። መዳፍ ታክላለች፤
ልብስ ሰፊ የጣለው ሰማያዊ ቁራጭ።
«እዚህ።»

አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ከስልክ ቤት፣ በደቂቃ ሒሳብ፣
ለእናቷ «ባሕር የሚያይ ቤት ያዝኩ» ስትል ኖራለች።
ድምፅ ግድግዳ የለው፣ ድምፅ ባልዲ የለው።
አሁን ግን መታየት መጣ።
«ውሸት አይደለም» አለችኝ በተሰባበረ ስፓኒሽ፣
«ትንሽ ነው እንጂ።»

ኩባንያው የሚፈቅደው አምስት ሜትር ሽቦ ነው፤
ያ ጥግ አሥራ አንድ በላ።
ሞገዱም ደከም ይላል እዚያ፣ አንድ እርከን ይጎድላል።
ቅጹ «ለምን?» ሲለኝ፣
«የበሩ ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ አልበሳ አለኝ» ብዬ ጻፍኩ።
ጭቃ ነው፤ በጥፍር ይበሳል።
የኔም ትንሽ ናት።

መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ብርቱካን፣ ከዚያ አረንጓዴ።
እሷ ግን አልደወለችም፤
ፊቷን ታጠበች፣ ሻርፕ መረጠች፣
ከዚያ በዓይኗ በሩን አሳየችኝ።

ምሰሶው ላይ ሆኜ በመስኮቱ አየኋት፤
በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ግንባሯን አስጠግታ፣
እሷም ስልኩን ቀስ አድርጋ ወደ ውጭ አዙራ።
ልክ በዚያች ቅጽበት
ጉም ከወደቡ ወጥቶ ሁሉን ነገር ዋጠው፤
ጣሪያ የለ፣ ባሕር የለ፣ ነጭ ብቻ።
ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ጣቷን ግን አየሁት፤
እዚያ ጋ፣ ይላል፣ እዚያ ጋ፣
ነጩን እየወጋ።

ሥራዬ አልቋል። የታሰረውን ሽቦ ፈታሁ፤
እንደገና አሰርኩ።
ከታች ዶኛ ኤርሜሊንዳ፦
«አንተ ሰውዬ፣ የኔ ቴሌቪዥንስ?»
«ትንሽ ይቀረኛል» አልኳት፣
ጉሙን ጉሙን እያየሁ።