ቅርጫት በገመድ

ኦርላንዶ ቤት አመሸን፣ ናፖሊ፣ አምስተኛ ፎቅ፣
የዓመቱ ምርጥ ፊልም እስኪታወቅ።
«ለዚህ ነው ሐውልት?» አለች ኤርሚኒያ፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣
«ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ለሚያሽ ጀግና፣ ካልጋው ሳይወጣ?»

«ዳቦም በሞተር ሆነ» አለ ኦርላንዶ፣ «ገመድም ቀረ፤
ያኔ ስንት ነገር በመስኮት ይወርድ ነበረ!
ትዝ አይልሽም ያ ፊልም፣ ስሙ ጠፋኝ፣ ጥቁርና ነጭ፣
መበለቲቱ ቅርጫት ስታወርድ ለዳቦ ሻጭ፣
እሱ ከዳቦው ሥር ደብዳቤ ሲሸጉጥ፣
እኛም አዳራሹ ውስጥ ትንፋሻችን ቁርጥ!»

እኔ ያን ፊልም ሦስቴ አይቻለሁ፤
ደብዳቤ የለበትም።
ደብዳቤው እዚሁ መንገድ ላይ ነበር፣
ዳቦ አዳዩም ራሱ ኦርላንዶ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተጨበጨበ፤ ማን እንዳሸነፈ አልሰማንም።
ኤርሚኒያ ወደ መስኮቱ ዞራ
«አስታውሳለሁ» አለች፣ «ገመዱን የሳበችው ግን
እናትየዋ ነበረች።»